የኤሌክትሪክ ዝርጋታ፣ የሞተርና የኢንዱስትሪ ቁጥጥር ሥልጠና፦ ለአመልካቾች፣ ለወላጆችና ለነባር ባለሙያዎች የተዘጋጀ መረጃ

የኤሌክትሪክ ሙያ በአንድ ስም ይጠራ እንጂ በውስጡ ቢያንስ ሦስት የተለያዩ ሥራዎችን ይዟል። አንደኛው የሕንፃ ኤሌክትሪክ ዝርጋታ ነው። ሁለተኛው የኤሌክትሪክ ሞተሮች ተከላና ጥገና ሲሆን፣ ሦስተኛው ማሽኖች በተወሰነላቸው ቅደም ተከተል እንዲነሡ፣ እንዲቆሙና ፍጥነታቸውን እንዲያመጣጥኑ የሚያደርገው የኢንዱስትሪ ቁጥጥር ነው። ብዙ አመልካቾች «ኤሌክትሪክ መማር እፈልጋለሁ» ብለው ይቀርባሉ፤ የትኛውን እንደሚሹ ሳይለዩም ይመዘገባሉ። ልዩነቱን የሚረዱት ጊዜና ገንዘብ ካወጡ በኋላ ነው።

ሌላው በተደጋጋሚ ግራ የሚያጋባው ጉዳይ የማስረጃ ነው። የሥልጠና ማጠናቀቂያ ምስክር ወረቀት፣ የሙያ ብቃት ማረጋገጫ የምስክር ወረቀት እና በኤሌክትሪክ ሥራ ላይ ለመሰማራት የሚሰጥ የሙያ ማረጋገጫ ሦስት የተለያዩ ሰነዶች ናቸው። የሚሰጧቸው አካላት የተለያዩ ሲሆኑ፣ አንዱ ሌላውን አይተካም። ይህ ጽሑፍ በቅድሚያ ሙያው ምን እንደሚያካትት፣ ቀጥሎም ወደ ሥልጠናው የሚገባበትንና ከሥልጠናው በኋላ ወደ ሥራ የሚደረስበትን መንገድ ያስረዳል።

የሕንፃ ኤሌክትሪክ ዝርጋታ

ዝርጋታ የሚጀምረው ከቆጣሪው ወዲህ ነው። ከቆጣሪው በፊት ያለው መስመርና ምሰሶ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ኃላፊነት በመሆኑ፣ የቱንም ያህል የሠለጠነ የግል ባለሙያ ያለ ተቋሙ ፈቃድ ሊነካው አይገባም። በከተሞቻችን በምሰሶዎች ላይ የሚያልፈው የማከፋፈያ መስመር 15 ሺህ ወይም 33 ሺህ ቮልት የሚሸከም ሊሆን ይችላል፤ በእንዲህ ያለ መስመር ለመጎዳት ሽቦውን በእጅ መያዝ እንኳ አያስፈልግም፣ መቅረብ ብቻ ይበቃል። ወደ ቤት የሚገባው ኃይል በአንድ ፌዝና በኒውትራል መካከል 220 ቮልት ገደማ፣ በሦስት ፌዝ መስመሮች መካከል ደግሞ 380 ቮልት ገደማ ነው።

ሠልጣኙ በዚህ ዘርፍ ቱቦ መቅበርን፣ ሽቦ መሳብን፣ ማብሪያ ማጥፊያና ሶኬት መግጠምን፣ የብሬከር ሳጥን ማደራጀትን ይማራል። ይህ የእጅ ሥራ ነው፤ በጥቂት ወራት ሊለመድ ይችላል። ባለሙያውን ከለማጅ የሚለየው ግን ሽቦውን ከመሳቡ በፊት የሚሠራው ስሌት ነው። በየቤቱ ያለውን የኤሌክትሪክ የእንጀራ ምጣድ ለአብነት እንውሰድ። 3,500 ዋት የሚወስድ ምጣድ በ220 ቮልት ሲሠራ ወደ 16 አምፔር ይስባል። ይህ ምጣድ ለመብራት በተዘረጋ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ላይ ቢቀጠል፣ ወይም ከውሃ ማሞቂያና ከምድጃ ጋር አንድ መስመር ቢጋራ፣ ሽቦው በግድግዳው ውስጥ ይግላል፣ ሽፋኑ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። እሳቱ የሚነሣው በዚያው ቀን ላይሆን ይችላል። በብዙ ቤቶች ከዓመታት በኋላ የሚታየው ቃጠሎ የዝርጋታው ዕለት የተዘለለ የአንድ መስመር ስሌት ውጤት ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ ለምጣድ ለብቻው የሚወጣ መስመር፣ በቂ ውፍረት ያለው ሽቦና ከሽቦው አቅም ያልበለጠ ብሬከር ያስፈልጋል።

ብሬከርን በተመለከተ አንድ የተለመደ ጥፋት አለ። ብሬከሩ ደጋግሞ ሲወርድ የቤቱ ባለቤት «ትልቅ ይደረግልኝ» ይላል፤ የለመደ እጅ ያለው ነገር ግን ያልሠለጠነ ሰውም 16ቱን አውጥቶ 32 ያስገባል። መብራቱ መጥፋት ያቆማል፤ ሽቦውን የሚጠብቅ ነገር ግን አይኖርም። ብሬከር የተሠራው መሣሪያውን ለመጠበቅ ሳይሆን ሽቦውን ለመጠበቅ መሆኑን ያልተረዳ ሠልጣኝ ሥልጠናውን ጨርሷል ማለት አይቻልም።

የመሬት መስመር ሥራ ከዝርጋታ ክፍሎች ሁሉ በብዛት የሚታለፈው ነው፤ መብራት ያለ እርሱም ስለሚበራ ጉድለቱን ማንም አያይም። የምጣዱ ወይም የልብስ ማጠቢያው የብረት አካል ከመሬት መስመር ጋር ካልተያያዘና በውስጡ አንድ ሽቦ ሽፋኑ ቢላጥ፣ ኮረንቲው የሚያልፍበትን መንገድ የሚያገኘው ብረቱን በሚነካው ሰው በኩል ነው። ከዚህ በተጨማሪ በ30 ሚሊ አምፔር የፍሳሽ መጠን መስመሩን የሚቆርጥ መከላከያ መግጠምና መፈተሽ የሥልጠናው አካል ሊሆን ይገባል። ይህ መከላከያም ቢሆን ፌዙንና ኒውትራሉን በሁለት እጁ የያዘን ሰው አያድንም፤ ሠልጣኙ የሚያድነውን ብቻ ሳይሆን የማያድነውንም ማወቅ አለበት። ዝርጋታው ተጠናቅቆ ኃይል ከመልቀቁ በፊት የሽቦዎቹ ሽፋን በ500 ቮልት መፈተሻ ይለካል፤ ከ1 ሜጋ ኦም በታች የሆነ ውጤት ከታየ ስህተቱ ተፈልጎ ሳይገኝ ኃይል አይለቀቅም።

የኤሌክትሪክ ሞተሮች

በገጠር ከተሞች የሞተር ባለሙያ የሚፈለገው በአብዛኛው ወፍጮ ቤት ሲቆም ወይም የመጠጥ ውሃ ፓምፕ ሲቃጠል ነው። ሁለቱም የሚያንቀሳቅሱት ባለ ሦስት ፌዝ ሞተር ሲሆን፣ በፋብሪካዎችም ትልቁን ሥራ የሚሠራው ይኸው ዓይነት ሞተር ነው። አሠራሩ ጠንካራ ነው፤ ኩሽኔታው በወቅቱ ከተቀየረለትና በልኩ ከተጠበቀ ለብዙ ዓመታት ያገለግላል። የሚቃጠለው ባብዛኛው በራሱ ጉድለት አይደለም።

ከሦስቱ መስመሮች አንዱ ሲቋረጥ እየዞረ ያለ ሞተር ወዲያው አይቆምም። በቀሩት ሁለት መስመሮች ብዙ ኃይል እየሳበ፣ እየጮኸና እየጋለ ይቀጥላል፤ በመጨረሻም ጥቅሉ ይቃጠላል። ከልክ በላይ ጭነት ሲመጣ የሚቆርጥ የኦቨርሎድ ሪሌይ በትክክለኛው አምፔር ተስተካክሎ ቢገጠምለት ሞተሩ ይተርፍ ነበር። የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ለመጠቅለያ የሚያወጣው ገንዘብ ከሪሌዩ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ ሆኖም ሪሌዩ «እያስቸገረ ስለሆነ» ተፈትቶ መስመሩ በቀጥታ የተያያዘበት ሳጥን ማግኘት እምብዛም አያስገርምም።

በዚህ ዘርፍ ሠልጣኙ በመጀመሪያ ሊማረው የሚገባው የሞተሩን መለያ ሰሌዳ ማንበብ ነው። ሰሌዳው ቮልቴጁን፣ አምፔሩን፣ ኃይሉን፣ በደቂቃ የሚዞረውን መጠንና የአያያዙን ዓይነት ይናገራል። 4 ምሰሶ ያለው ሞተር በ50 ኸርዝ የሚፈጥረው መግነጢሳዊ መስክ በደቂቃ 1,500 ጊዜ ይዞራል፤ የሞተሩ ዘንግ ግን ከዚያ ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ ብዙ ጊዜ ከ1,400 በላይ በሆነ ፍጥነት ይዞራል። ሰሌዳው ላይ 1,440 ተጽፎ ያየ ሠልጣኝ ሞተሩ ባለ 4 ምሰሶ መሆኑን ሳይፈታው ማወቅ ይኖርበታል።

በቀጥታ የሚነሣ ሞተር በመነሻው ቅጽበት ከመደበኛው ከ5 እስከ 8 እጥፍ የሚደርስ አምፔር ይስባል። ትልልቅ ሞተሮች ሲነሡ የአካባቢው መብራት የሚደበዝዘው ከዚህ የተነሣ ነው። ይህን ለመቀነስ የሚያገለግለው የተለመደ ዘዴ ስታር-ዴልታ ሲሆን፣ ከመስመሩ የሚሳበውን የመነሻ አምፔር ወደ ሢሶ ያወርደዋል። የማንሻ ጉልበቱም አብሮ ወደ ሢሶ ስለሚወርድ፣ ጭነት ተሸክሞ ለሚነሣ ማሽን አይመችም። ከሁሉም በላይ ደግሞ ዘዴው ለሁሉም ሞተር አይሆንም። ሰሌዳው 380/660 የሚል ሞተር በ380 ቮልት መስመር ላይ በስታር-ዴልታ ሊነሣ ይችላል። 220/380 የሚለው ግን በዚያው መስመር ላይ ወደ ዴልታ ሲሸጋገር ለ220 የተሠራው ጥቅል 380 ቮልት ያርፍበታል፤ ይቃጠላል። ሁለቱ ሞተሮች ከውጭ ሲታዩ አንድ ዓይነት ናቸው። የሰሌዳው አንድ መስመር በአንድ ሞተርና በአንድ ወር ደመወዝ መካከል ያለውን ልዩነት የሚወስንበት ጊዜ አለ።

የተቃጠለ ሞተር መጠቅለል ራሱን የቻለ ሙያ ነው። የሽቦውን ውፍረት፣ የዙሩን ብዛትና የጥቅሎቹን አቀማመጥ ከመፍታት በፊት መመዝገብ፣ ወረቀቱን መቀየር፣ ቫርኒሽ ማጠጣትና ማድረቅ ትዕግሥትን ይጠይቃል። በአነስተኛ ካፒታል የራሳቸውን ሥራ ለመጀመር ለሚያስቡ ሠልጣኞች ከሦስቱ ዘርፎች ምናልባት የተሻለው መነሻ ይኸኛው ነው።

የኢንዱስትሪ ቁጥጥር

በሐዋሳ የኢንዱስትሪ ፓርክ ያለ የስፌት መስመር፣ በሙገር የሲሚንቶ ፋብሪካ ያለ ማጓጓዣ፣ በወንጂ ያለ የስኳር ማምረቻ፣ በየከተማው ያለ የታሸገ ውሃ መሙያ በአንድ ነገር ይመሳሰላሉ፤ ማሽኖቹን የሚያስነሣና የሚያቆም በሳጥን ውስጥ የተደራጀ የቁጥጥር መስመር አላቸው። ሥልጠናው ከኮንታክተርና ከሪሌይ ይጀምራል፤ ቀጥሎ በፕሮግራም ወደሚታዘዝ መቆጣጠሪያ (በተለምዶ ፒኤልሲ)፣ ወደ ሴንሰሮችና የሞተር ፍጥነት ወደሚለውጥ ድራይቭ ይሸጋገራል።

ቀጥታ ፒኤልሲ መማር የሚፈልጉ ወጣቶች ቁጥር ቀላል አይደለም፤ ፍላጎቱ መልካም ነው። ይሁን እንጂ በሪሌይ የማስነሻና የማቆሚያ መስመርን በገዛ እጁ ያልሠራ ሠልጣኝ በኮምፒውተር ላይ የሚጽፈው ፕሮግራም ምን እንደሚያዝ አይገባውም። ለምሳሌ የአደጋ ጊዜ ማቆሚያ ቁልፍ በመደበኛ ሁኔታው የተዘጋ መስመር ላይ የሚገጠመው ሽቦው ቢበጠስ እንኳ ማሽኑ እንዲቆም ነው። በተከፈተ መስመር ላይ ቢገጠም ግን ሽቦው ተበጥሶ ሳለ ቁልፉ ደህና ይመስላል፤ ጉድለቱ የሚታወቀው አንድ ሠራተኛ እጁ በማሽኑ ተይዞ ቁልፉ በተጫነ ጊዜ ነው። ሴንሰሮች መረጃ የሚልኩበት መስመርም ከዜሮ ሳይሆን ከ4 ሚሊ አምፔር ጀምሮ እስከ 20 የሚሆነው በዚሁ አስተሳሰብ ነው። ዜሮ ከተነበበ ታንኩ ባዶ ሆኗል ማለት አይደለም፤ ሽቦው ተበጥሷል ማለት ነው።

ድራይቭን በሚመለከት ለሠልጣኞችም ለነባር ጠጋኞችም የሚጠቅም ማሳሰቢያ አለ። በ380 ቮልት የሚሠራ ድራይቭ በውስጡ ወደ 540 ቮልት የሚጠጋ ቀጥተኛ ኃይል በካፓሲተር ይይዛል። ዋናው ማብሪያ ከጠፋ በኋላም ይህ ኃይል ለደቂቃዎች ይቆያል። ሽፋኑ ላይ የተጻፈው የመጠበቂያ ጊዜ ሳያልፍና በመለኪያ ሳይረጋገጥ መንካት አይገባም።

የዚህ ዘርፍ ሥራ ከጉልበት ይልቅ ንባብንና ጥንቃቄን ይጠይቃል። ሴት ልጃቸው የኤሌክትሪክ ሙያ እንድትመርጥ የሚያቅማሙ ወላጆች የቁጥጥር ሳጥን የሚገጣጠምበትን ወርክሾፕ አንድ ጊዜ ቢጎበኙ ጥርጣሬያቸው የሚቀል ይመስለናል።

ወደ ሥልጠና የሚገባበት መንገድ

የሙያ ደረጃዎች በአገር አቀፍ ደረጃ ይወጣሉ፤ ሥልጠናው በአብዛኛው የሚሰጠው በክልሎችና በከተማ አስተዳደሮች ሥር ባሉ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጆች፣ በሌሎች የመንግሥት ተቋማትና ዕውቅና ባላቸው የግል ኮሌጆች ነው። ከእነዚህም መካከል በ1934 ዓ.ም. የተመሠረተው የአዲስ አበባ ተግባረ ዕድ፣ እንዲሁም እንጦጦ፣ ጄኔራል ዊንጌት፣ ባሕር ዳር እና ሐዋሳ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጆች በሰፊው ይታወቃሉ። የመግቢያ መሥፈርቱ በየዓመቱ ስለሚገለጽ አመልካቾች ያለፈውን ዓመት ማስታወቂያ ይዘው መወሰን የለባቸውም።

ሥልጠናው ከደረጃ 1 እስከ ደረጃ 5 ይዘልቃል። በታችኞቹ ደረጃዎች ሠልጣኙ በሌላ ባለሙያ ክትትል ሥር መሥራትን፣ በመካከለኞቹ ራሱን ችሎ ስህተት መፈለግንና መጠገንን፣ በላይኞቹ ደግሞ ሥራ ማቀድንና ሌሎችን መምራትን ይማራል። ከመደበኛው ሥልጠና ውጪ ለሥራ ፈላጊዎችና ለሠራተኞች የሚሰጡ አጫጭር ሥልጠናዎች አሉ። አጭር ሥልጠና አንድን ብቃት ለማሟላት ይጠቅማል፤ ለምሳሌ ለዓመታት ዝርጋታ ሲሠራ የቆየ ሰው የድራይቭ አገጣጠምን ለመማር። ከዜሮ ለሚጀምር ሰው ግን ባለሙያ የሚያደርግ አይደለም፤ በሁለት ሳምንት ሙሉ የኤሌክትሪክ ባለሙያ እናደርጋለን የሚሉ ማስታወቂያዎችን በጥርጣሬ መመልከት ይገባል።

ተቋም ከመምረጥዎ በፊት

የግል ተቋም የዕውቅና ፈቃድ የሚያገኘው ለሙያውና ለደረጃው ተለይቶ ነው። በመሆኑም ተቋሙ በአካውንቲንግ ዕውቅና አለው ማለት በኤሌክትሪክ አለው ማለት አይደለም። የዕውቅናው ሰነድ የትኛውን ሙያ፣ የትኛውን ደረጃና የትኛውን ካምፓስ እንደሚመለከት፣ የሚያበቃበትንም ቀን ይጠይቁ፤ ይህን መጠየቅ የአመልካች መብት ነው።

ከሰነዱ በኋላ ወርክሾፑን ይጎብኙ። በአገራችን የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና መርህ ሠልጣኙ 70 በመቶ የሚሆነውን ጊዜ በተግባር፣ 30 በመቶውን በንድፈ ሐሳብ እንዲያሳልፍ ይጠብቃል። ይህ መጠን በወረቀት ላይ ብቻ ነው ወይስ በእውነት ይሠራበታል የሚለው በጥቂት ደቂቃ ጉብኝት ይታወቃል። የመለማመጃ ቦርዱ በብዙ እጅ የተፈታና የተገጠመ ይመስላል ወይስ አዲስ ነው? ለአንድ ሞተር ስንት ሠልጣኝ ይቆማል? ፍጆታ የሆኑት ሽቦ፣ ብሬከርና ኮንታክተር በመጋዘን አሉ? መምህሩ ኃይሉን አጥፍቶ መቆለፊያ ያደርጋል ወይስ «አትንኩ» ብቻ ይላል? አቧራ የለበሰ ውድ መሣሪያ በመስታወት ሳጥን ውስጥ ከማየት ይልቅ የተቧጨረ ርካሽ መሣሪያ በሠልጣኞች እጅ ማየት የተሻለ ምልክት ነው።

በመጨረሻ ደረጃ ላይ ያሉ ሠልጣኞችን ስለ ትብብር ሥልጠናው ይጠይቁ፤ ወዴት እንደተላኩና እዚያ ምን እንደሠሩ። በፋብሪካ ለወራት ቆይተው ሰነድ ሲያመላልሱና ወለል ሲጠርጉ የሰነበቱ ሠልጣኞች ካሉ፣ ጉድለቱን ተቋሙ ሊያርመው ይገባል፤ አመልካቹም አስቀድሞ ቢያውቀው ይጠቀማል።

በድርጅት ውስጥ መለማመድና የዕድሜ ገደብ

ሙያውን በአሠሪ ድርጅት ውስጥ በተለማማጅነት ለመማር የሚገቡ ዜጎች የሙያ መልመጃ ውላቸውን በጽሑፍ እንዲያደርጉ ይጠበቃል። ውሉ የሥልጠናውን ዓይነትና ጊዜ፣ በልምምዱ ወቅት የሚከፈለውን ክፍያና የሥራውን ሁኔታ መግለጽ አለበት። በቃል ብቻ የገባ ተለማማጅ አደጋ ሲደርስበት ማን እንደሆነና ለምን እዚያ እንደነበረ ማስረዳት ይቸግረዋል። ልምምዱ ሲያበቃም የሠለጠነበትን ሙያና የቆየበትን ጊዜ የሚገልጽ ማስረጃ መጠየቅ መብቱ ነው።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በታች የሆኑ ልጆችን መቅጠርን ይከለክላል፤ ከ15 እስከ 18 ዓመት ያሉ ወጣት ሠራተኞችም ከኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫ፣ ከትራንስፎርመርና ከማስተላለፊያ መስመር ጋር በተያያዘ ሥራ እንዳይሰማሩ ይከለክላል። አግባብ ባለው አካል በተፈቀደና ቁጥጥር በሚደረግበት የሙያ ትምህርት ቤት ውስጥ ሥልጠናቸውን የሚከታተሉ ወጣቶች ከዚህ ክልከላ ውጪ ናቸው። ወላጆች ልዩነቱን ልብ ሊሉት ይገባል፤ የ16 ዓመት ልጅ በኮሌጅ ወርክሾፕ በመምህር ክትትል መሠልጠን ይችላል፣ በዘመድ ሥራ ላይ «እግረ መንገዱን እንዲለምድ» ትራንስፎርመር አጠገብ መሰለፍ ግን አይችልም።

ለሁሉም ሠልጣኞች የሚሠራ አንድ የአሠራር ሥርዓት አለ፤ ተቋሙ ከመጀመሪያው ሳምንት ሊያስለምደው ይገባል። ኃይሉ ከምንጩ ይጠፋል። ማጥፊያው በቁልፍ ይቆለፋል፤ ቁልፉ በሚሠራው ሰው ኪስ ይቀመጣል፤ ስሙን የያዘ ምልክት ይንጠለጠላል። ከዚያ መለኪያው በሚታወቅ ሕያው መስመር ላይ ይሞከራል፣ የሚሠራበት መስመር ይለካል፣ መለኪያው እንደገና በሕያው መስመር ላይ ይሞከራል። የመጨረሻው ሙከራ የሚዘለለው ብዙ ጊዜ ነው፤ ነገር ግን በመካከሉ የተበላሸ መለኪያ ሕያውን መስመር የሞተ አስመስሎ የሚያሳየው ያን ጊዜ ነው። በኪስ የሚያዘው ባለ መብራት ካቻቢቴ ፌዙን ለመለየት ይረዳ እንደሆን እንጂ መስመሩ ኃይል የሌለው መሆኑን ለማረጋገጥ አይበቃም።

የሙያ ብቃት ምዘና

ሥልጠናውን ያጠናቀቀ ሠልጣኝ ከተቋሙ የሚያገኘው የማጠናቀቂያ ማስረጃ መሠልጠኑን ይገልጻል። መቻሉን የሚያረጋግጠው ምዘናው ነው፤ ይህን የሚያከናውኑት በየክልሉና በከተማ አስተዳደሮቹ የተቋቋሙ የሙያ ብቃት ምዘናና ማረጋገጫ አካላት ናቸው። ምዘናው የዕውቀትና የተግባር ክፍል አለው። በተግባሩ ክፍል ተመዛኙ ሥዕል ተሰጥቶት በተወሰነ ሰዓት መስመር ይሠራል፣ ይፈትሻል፣ ያስነሣል። ውጤቱ በመቶኛ አይገለጽም፤ «ብቁ» ወይም «ገና ብቁ ያልሆነ» ይባላል። ገና ብቁ ያልሆነ የተባለ ተመዛኝ ጉድለቱን አሟልቶ እንደገና መቅረብ ይችላል፤ ስለዚህ የጎደለውን ብቃት ለይቶ መጠየቅ ከማዘን ይበልጥ ይጠቅማል።

ብዙዎች በተግባሩ ክፍል የሚቸገሩት በዕውቀት ማነስ ሳይሆን በአሠራር ሥርዓት ነው። ሥራው በትክክል ተገናኝቶ፣ ሞተሩ ዞሮ ሳለ የመሬት መስመሩ ያልተያያዘ፣ ኃይል ሳይጠፋ ሽቦ የተፈታ፣ መከላከያ ጫማና መነጽር ያልተደረገ ሆኖ ይገኛል። የደህንነት ጉድለት በሌላ ነጥብ አይካካስም።

ያለ መደበኛ ሥልጠና ሙያውን ለለመዱ

በአገራችን ቤቶችን ሲዘረጉ፣ ሞተር ሲጠቀልሉና ወፍጮ ሲያስነሡ የኖሩ፣ ከአባት ወይም ከታላቅ ወንድም የለመዱ እጅግ ብዙ ባለሙያዎች አሉ። የሥልጠና ሥርዓቱ ሙያው የተገኘበትን መንገድ ሳይሆን መኖሩን ስለሚመዝን፣ እነዚህ ዜጎች ኮሌጅ ሳይገቡ ለምዘና መመዝገብ ይችላሉ። ዕድሜ ሳይከለክላቸው፣ ሥራቸውን ሳያቋርጡ በሚመጥናቸው ደረጃ ይመዘናሉ።

ለእነዚህ ባለሙያዎች የምንሰጠው ምክር ከፍ ካለ ደረጃ ከመጀመራቸው በፊት የሙያ ደረጃውን ሰነድ አግኝተው ወይም ሰው አስነብበው ከሚያውቁት ጋር እንዲያስተያዩ ነው። እጃቸው ብዙ ጊዜ ከሠልጣኙ ይበልጣል፤ የሚጎድላቸው ሥዕል ማንበብ፣ መለካትና መመዝገብ ሆኖ ይገኛል። ይህ ጉድለት በአጭር ሥልጠና የሚሟላ ነው። የሠሩባቸውን ድርጅቶች የሥራ ልምድ ማስረጃ አስቀድሞ ማሰባሰብም በኋላ ይጠቅማል።

ከምዘና በኋላ

የሙያ ብቃት ማረጋገጫ የያዘ ሰው በቅጥር ለመሥራት ማመልከት ይችላል። በራሱ ስም የኤሌክትሪክ ዝርጋታ ሥራ ለመሥራት ወይም በሥራ ተቋራጭነት ለመሰማራት የሚፈልግ ግን ከዚህ በተጨማሪ በኢነርጂ ሕጉ መሠረት የባለሙያነት ወይም የተቋራጭነት ማረጋገጫ ማግኘት ይጠበቅበታል። ይህን የሚሰጠው የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን ነው። የሕንፃ ባለቤቶችም ሥራውን ከመስጠታቸው በፊት ይህን ማረጋገጫ እንዲያሳያቸው ሊጠይቁ ይገባል። የንግድ ፈቃድ ብቻ ማሳየት በቂ አይደለም፤ የንግድ ፈቃድ የሚመሰክረው ስለ ንግዱ እንጂ ስለ ሽቦው አይደለም።

በቡድን ተደራጅተው ኢንተርፕራይዝ ለማቋቋም የሚሹ ተመራቂዎች በየወረዳው ያለውን የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ይጠይቁ። ወደ ውጭ አገር በሥራ ለመሄድ የሚያስቡም በሕጋዊው መንገድ በሥራ ገበያ መረጃ ሥርዓት ተመዝግበው፣ ከሚሄዱበት ሥራ ጋር የሚዛመድ የብቃት ማረጋገጫ መያዝ ይኖርባቸዋል። «ኤሌክትሪሺያን» የሚል ቃል በውል ላይ መጻፉ ብቻውን አይበቃም፤ የዝርጋታ፣ የሞተር ወይም የቁጥጥር ሥራ መሆኑ በግልጽ ይጠየቅ።

ለምዝገባ ሲቀርቡ

አብዛኞቹ ተቋማት የትምህርት ማስረጃ ዋናውንና ቅጂውን፣ የፋይዳ ወይም የቀበሌ መታወቂያና ጉርድ ፎቶግራፍ ይጠይቃሉ፤ ለምዘና የሚመዘገቡ ሠልጣኞች ከተቋማቸው የማጠናቀቂያ ማስረጃ፣ በልምድ የሚመዘኑ ደግሞ የሥራ ልምድ ማስረጃ ይጨምራሉ። በሁሉም ሰነዶች ላይ ስም እስከ አያት ድረስ አንድ ዓይነት ፊደል ይዞ መጻፉን አስቀድመው ያረጋግጡ። «ኃይሉ» በአንዱ፣ «ሃይሉ» በሌላው ተጽፎ ከተገኘ ማስተካከያው ጊዜ ስለሚወስድ፣ ምዝገባው ሊዘጋ ጥቂት ቀን ሲቀረው ከማወቅ ከወዲሁ ማስተካከሉ ይቀላል።